ባትሪ ቀየርኩለት፣ ሪሞቱ ጭራሽ ሞተ

የመኪናዬ ሪሞት ለሁለት ወር ያህል ሲያንገራግር ከርሟል። ድሮ ከሩቅ ስጫነው ቀጭ ብሎ የሚከፍት የነበረው፣ እየቆየ አጠገቡ ደርሼ፣ አንዳንዴም መስታወቱ ላይ አስጠግቼ ሁለት ሦስቴ ካልተጫንኩት አልሰማ አለኝ። ዳሽቦርዱ ላይም የቁልፉ ባትሪ ደክሟል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ይህ እንግዲህ የማያጠራጥር ነገር ነው፤ ባትሪ ይቀየራል። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ቀየርኩ። እስከዚያ ድረስ ቢለመን ቢለመን ይሠራ የነበረው ሪሞት፣ አዲስ ባትሪ ሲገባለት ጭራሽ ዝም አለ።

ወደ መፍትሔው የደረስኩት ከስንት ቀን መንከራተት በኋላ ነው። አዲስ ቁልፍ ልገዛም ትንሽ ነበር የቀረኝ። እዚህ የምጽፈው የደረሰብኝን በደረሰበት ቅደም ተከተል ነው፤ የት እንደተሳሳትኩ የሚታየው እንደዚያ ሲነገር ነውና።

አከፋፈቴን ልናገር፣ ጥፋቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የኔ ቁልፍ ኪስ ውስጥ ሆኖ ስታርት በተን ተጭነው የሚያስነሱበት ዓይነት ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መያዣ ገፋ ሲያደርጓት ውስጡ የተደበቀው የብረት ቁልፍ ይወጣል። እሱ በወጣበት ክፍተት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብቼ ጠምዘዝ ሳደርገው ፕላስቲኩ ለሁለት ተከፈለ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ባትሪው ግን በላሜራ ጥርሶች ተይዞ ጥብቅ ብሏል፤ በጥፍሬ ብሞክር አልነቃነቅ አለ። ምን አደረግኩ? በዚያው ካቻቢቴ ከሥሩ ገብቼ ፈነቀልኩት። ጠቅ አለና ተፈናጥሮ ወጥቶ ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ወጣልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ካቻቢቴው የተደገፈባትን፣ ምላስ የምትመስል ቀጭን ላሜራ ልብ አላልኳትም።

ሌላም ስህተት ነበረኝ። አሮጌው ባትሪ በየትኛው ፊቱ ተቀምጦ እንደነበር ሳላይ ነው ያስፈነጠርኩት። እነዚህ ክብ ባትሪዎች ላይ ፖዘቲቩ ሰፊው ፊት ነው፤ የመደመር ምልክቱና ቁጥሩ የተቀረጸበት። ዙሪያውን የያዘው ጠርዝም የፖዘቲቩ አካል ነው። ኔጌቲቩ በሌላው በኩል ያለው ጠበብ ያለ ክብ ነው። ችግሩ፣ በአንዱ ሪሞት ፖዘቲቩ ወደ ላይ ሲሆን በሌላው ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ በግምት አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲኩ ላይ ወይም ቦርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ የተበየዱበት ሰሌዳ) ላይ ትንሽ የመደመር ምልክት አለች፤ መብራት አስጠግተው ካዩ አይጠፋም። እኔ መጀመሪያ ገልብጬ አስገባሁትና ምንም አላለም። አዙሬ ሳስገባው የሪሞቷ ቀይ መብራት አንዴ ደብዘዝ ብላ በራችና ጠፋች። በቃ ሠራ ብዬ ገጠምኩት። ከበረንዳ ላይ ሆኜ ወደ መኪናው ተጫንኩ። ጸጥ። ወርጄ አጠገቡ ቆሜ ተጫንኩ። ጸጥ።

የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ባትሪው ላይ ነበር፤ ለጥርጣሬውም ምክንያት አለ። ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ነገር ይናገራል። ሲአር 2032 ሲባል ሁለቱ ፊደላት የባትሪውን የኬሚካል ዓይነትና ክብ መሆኑን ይናገራሉ፤ 20 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፣ 32 ደግሞ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ሲአር 2025 ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም 3 ቮልት ስለሆኑና ሁለቱም ቦታው ላይ ስለሚቀመጡ ሻጭም ገዢም «አንድ ነው» ይላል። አንድ አይደለም። በ2032 ቦታ 2025 ሲገባ ያቺ 0.7 ሚሊሜትር ባትሪውን ልል ታደርገዋለች፤ ሪሞቱን ነቅነቅ ሲያደርጉት ይሠራል፣ ሲያስቀምጡት ይተዋል። በተቃራኒው፣ በ2025 ቦታ 2032 ታግሎ ማስገባት ላሜራውን ያጣምመዋል። እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ አሮጌውን ፈልጌ ቁጥሩን ለማየት ሰነፍኩና የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አየሁ፤ 2032 ይላል፣ የገዛሁትም 2032 ነው። ይሁን ብዬ ሌላ ሁለተኛ ባትሪ፣ ከሌላ ቦታ፣ ከነእሽጉ ገዛሁ። እሱም ጸጥ።

በማግስቱ ጠዋት ቸኩያለሁ። በብረቱ ቁልፍ በሩን ከፈትኩ፤ በሩ ገና ከመላቀቁ አላርሙ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ብዙ መኪና ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ከተቆለፈ በኋላ በሪሞት ሳይሆን በብረት ከተከፈተ ሌባ ነው ብሎ ያስባል፣ የሚያውቀው ቁልፍ መጥቶ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስም አያምንም። ገባሁ፤ ስታርት በተኑን ተጫንኩ፤ «ቁልፍ አልተገኘም» ይላል ዳሽቦርዱ። ጡሩምባው ይጮኻል፣ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል፣ አንዲት ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብለው «ምነው፣ ሌባ ነው?» ይላሉ። ያን ጊዜ ነው አንድ ጊዜ ያነበብኩት ትዝ ያለኝ፤ ሪሞቱን ራሱን ስታርት በተኑ ላይ ለጠፍኩና በሪሞቱ ጀርባ ተጫንኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ ጩኸቱም ቆመ።

ይህችን ነገር ሁሉም ሰው አስቀድሞ ቢያውቃት ደስ ይለኛል፤ መንገድ ላይ ሪሞት ሞቶበት መኪና የሚያስጎትት ሰው አለና። ቦታው ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዳንዱ ስታርት በተኑ ላይ ነው፣ አንዳንዱ መሪው አጠገብ ምልክት የተደረገበት ቦታ አለው፣ አንዳንዱ ኩባያ ማስቀመጫው ወይም የክርን መደገፊያው ውስጥ ትንሽ ማስቀመጫ አለው። መመሪያ መጽሐፉ ይናገራል። ሪሞቱ ሳይሞት ቦታውን ፈልጎ ማወቅ ነው እንጂ አላርም እየጮኸ መጽሐፍ ማገላበጥ አይመከርም፤ ከልምድ ነው የምለው።

ለምን እንደሠራ ስረዳ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። በዚያች ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ተለያይተው የሚኖሩ ሦስት ሥራዎች አሉ። አንደኛው በተን ስንጫን በሬዲዮ ሞገድ ትእዛዝ የሚልከው ነው፤ እንደ አገሩ በ315 ወይም በ433.92 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ ባትሪ ይፈልጋል። ሁለተኛው ኪሳችን ውስጥ እያለ ከመኪናው ጋር የሚነጋገረው ነው፤ መኪናው በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ባለ ዝቅተኛ ሞገድ ይጣራል፣ ሪሞቱ ሰምቶ በሬዲዮው ይመልሳል። ይህም ባትሪ ይፈልጋል፤ ሁልጊዜ ጆሮውን አቁሞ ስለሚኖርም ባንጫነውም ባትሪ ይበላል። ሦስተኛው ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ቺፕ ነው። እሱ ከባትሪው ጋር ጉዳይ የለውም። ስታርት በተኑ ወይም የቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ ከዚያ በሚወጣው መግነጢሳዊ ኃይል ቺፑ ለቅጽበት ይነቃና መታወቂያውን ይናገራል። ርቀቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ነው መለጠፍ ያለበት።

ስለዚህ ለጥፈውት ሞተሩ ከተነሳ ቺፑ ደህና ነው፣ መኪናውም ቁልፉን አልካደውም። የጠፋው ባትሪ የሚፈልገው ክፍል ብቻ ነው።

ይህን ግን በዚያን ቀን አላወቅኩም። ከሥራ ስወጣ ቁልፍ የሚሠራ ሰው ዘንድ ወሰድኩት። ሪሞቱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ አልከፈተውም።

«ባትሪውን ራስህ ነህ የቀየርከው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ኮዱ ጠፍቷል ወንድሜ። ፕሮግራም ይደረግ፤ እምቢ ካለም አዲስ ቁልፍ ነው።»

«ሳይከፈት በምን ታወቀ?»

«ሁሌም እንዲህ ነው።»

ሰውየው ክፉ ሰው አይመስለኝም። አዲስ ቁልፍ ፕሮግራም ማድረግ ለእሱ የዕለት ሥራው ነው፤ የመጣለትን ሁሉ በዚያው ዓይን ያያል። እኔም እሺ ልል ነበር። ያቆመኝ «ሁሌም» የምትለው ቃል ናት። ሁሌም ከሆነ በዓለም ላይ ባትሪ የቀየረ ሰው ሁሉ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ መሰለፍ ነበረበት። ላስብበት ብዬ ይዤው ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሪሞቶች መታወቂያቸውንና ቆጣሪያቸውን የሚጽፉት ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይጠፋ ማህደረ ትውስታ ላይ ነው። ባትሪ ማውጣት፣ ለሳምንትም ባዶ ማስቀመጥ፣ አያጠፋውም። ቆጣሪ ያልኩት፣ ሪሞቱ በተጫንነው ቁጥር የሚልከው ኮድ ይለያያል፤ አንዱ ኮድ ሁለቴ አይሠራም፣ ሌባ ቀድቶ እንዳይጠቀምበት። መኪናውም ሪሞቱም እየቆጠሩ አብረው ይሄዳሉ። ታዲያ ሪሞቱን ከመኪናው ርቀን ብንጫነው እሱ ይቆጥራል፣ መኪናው ግን አይሰማም። ለዚህም መላ ተበጅቶለታል። ለምሳሌ ኪሎክ በሚባለውና በብዙ ሪሞት በተሠራበት ዘዴ፣ ሪሞቱ እስከ 16 ኮድ ድረስ ቀድሞ ቢሄድ መኪናው ያለ ምንም ጥያቄ ይቀበለዋል። ከዚያ በላይ ቢርቅም፣ እስከ 32 ሺህ ገደማ፣ አከታትለው ሁለት ጊዜ ሲጫኑት መኪናው ቆጣሪውን አስተካክሎ ይታረቃል። ሌሎች ዘዴዎች ቁጥራቸው ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ሪሞቱን መኪናው አጠገብ ቆመው አምስት ስድስት ጊዜ ቢጫኑትም መኪናው ካልሰማ፣ መንስኤው የቆጣሪ መለያየት ነው ከማለት በፊት ሌላ ነገር መፈለግ ይሻላል።

አንዳንድ መኪና፣ በተለይ ዕድሜ ያለው፣ ባትሪ ከተቀየረ በኋላ ሪሞቱን ዳግም ማስተዋወቅ ይፈልጋል። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ የሚያደርገው ነው፤ ቁልፉን አስገብቶ ዳሽቦርዱ እስኪበራ ማዞርና የመቆለፊያውን በተን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት፣ ወይም በተኑን ተጭኖ ወዲያው በብረቱ ቁልፍ በሩን መክፈት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ትክክለኛው አሠራር በየሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያ መጽሐፉን ማየት ነው። ለአንዱ መኪና የተነገረውን በሌላው ላይ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ እኔ አንድ ሙሉ ምሽት አባክኛለሁ፣ የኔ መኪና እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ እንደሌለው እስካነብ ድረስ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ዘንድ ያለውን ሁለተኛ ቁልፍ ተቀበልኩ። ይህን በመጀመሪያው ሰዓት ማድረግ ነበረብኝ። ሁለተኛው ቁልፍ ከሩቅ ከፈተ፣ ቆለፈ። ስለዚህ መኪናው ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ በእጄ ባለው ሪሞት ብቻ ነው። ሁለቱም ባይሠሩ ኖሮ ፊቴን ወደ መኪናው ማዞር ነበረብኝ፤ በተለይ ወደ ኮፈኑ ሥር ወዳለው ትልቁ ባትሪ። የመኪናው ባትሪ ሲደክም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሪሞቱን ነው፤ በሩ አልከፍት ስለሚል። ሁለተኛ ቁልፍ የሌለው ሰው የውስጥ መብራቱን አይቶ መገመት ይችላል።

ከዚያ መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልት መለኪያ፣ አመጣሁ። አዲሱን ባትሪ ለብቻው ስለካው 3.2 ቮልት፤ ደህና ነው። ብቻውን ሲለካ ግን ብዙ ባትሪ ያታልላል፤ ሥራ ሲሰጡት ነው የሚታወቀው። ሪሞቱ ውስጥ እንዳለ ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች ባትሪው ላይ አድርጌ በተኑን ብጫን ወይ ትንሽ መውረድ ነበረበት፣ ወይ ደካማ ከሆነ ከ2.5 በታች መውደቅ። የኔ ንቅንቅ አላለም። 3.2 ላይ ተገትሮ ቀረ። መጀመሪያ ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ትንሽም ያልወረደው ማንም ስላልወሰደበት ነው። ባትሪው አለ፣ ኃይሉ ግን ቦርዱ ጋ አይደርስም።

ፕላስቲኩን ሳልገጥም ቦርዱን ከነባትሪው መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ። በአውራ ጣቴ ባትሪውን ጫን አድርጌ በሌላው እጄ የመክፈቻዋን በተን ነካሁ። ከውጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ጣቴን አነሳሁ፤ ተጫንኩ፤ ምንም። ጣቴን መለስኩ፤ ቀጭ። አራት አምስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ለማመን።

አጉሊ መነጽር አልነበረኝም፤ የስልኬን ካሜራ አጉልቼ አየሁ። ባትሪው የሚተኛበት ጉድጓድ ወለል ላይ ሁለት ቀጫጭን የላሜራ ምላሶች አሉ፤ ኔጌቲቩን ከታች የሚነኩት እነሱ ናቸው። አንደኛዋ ቀና ብላ ሞላ ትመስላለች፤ ሌላኛዋ ወለሉ ላይ ልጥፍ ብላለች፣ ጀርባዋ ላይም የካቻቢቴዬ ጭረት ያብረቀርቃል። ባትሪውን ስፈነቅል የተደገፍኩት እሷ ላይ ነበር። ቀና ያለችውም ቢሆን ግማሽ ጎንበስ ብላለች።

ባትሪውን አወጣሁ፤ በዚህ ጊዜ በፕላስቲክ ነገር፣ ለማውጫ በተሠራለት ክፍተት በኩል። በስፌት መርፌ ምላሷን ከሥሯ ቀስ ብዬ ቀና አደረግኳት። ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ላሜራ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ከተጣጠፈ ይቀነጠሳል። ከጫፏ ሳይሆን ከመነሻዋ ነው መነሳት ያለባት፣ ባትሪው ሲጫናት እንድትመልስ። ከዚያ ጥጥ በአልኮል ነክሬ ኮንታክቶቹንም (ባትሪውን የሚነኩትን ላሜራዎች) ባትሪውንም በሁለቱም ፊት ጠረግኩ።

ባትሪውን መጥረግ ከንቱ ጥንቃቄ እንዳይመስላችሁ። አንዳንድ ክብ ባትሪ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ሲከቱት እንዲተፉት በጣም መራራ ነገር ይቀባል፤ አንዳንድ መሣሪያ ላይ ያ ቅባት ኮንታክቱን ይጋርዳል። በአልኮል ጠርጎ መሞከር ነው፤ ካልሆነ ያልተቀባ ባትሪ መፈለግ። አንዳንዱም ፊቱ ላይ ቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ ተለጥፎበት ይመጣል፣ ሳይላጥ የሚያስገባው ሰው ብዙ ነው። ኮንታክቱ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ካለ አልኮሉ ብቻውን ላያነሳው ይችላል፤ በላጲስ ጫፍ በስሱ ማሸትና ብናኙን ማራገፍ ይረዳል። አሸዋ ወረቀት ግን አይሆንም፣ ኮንታክቱ ላይ የተለበጠውን ይልጠዋል።

ሕፃናት ስል ያ ጠረጴዛ ሥር የተንከባለለው አሮጌ ባትሪ ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ነበር። ቤታችን ውስጥ የምትድህ ልጅ አለች፤ ያገኘችው ሁሉ ወደ አፍ ነው። ሪሞቱን እዚያው ጥዬ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግኩ፤ ግድግዳው ሥር፣ የጠረጴዛው እግር ጀርባ አገኘሁት። ሪሞት ማንቀሳቀስ ያቃተው ባትሪ ሕፃን ለመጉዳት የሚበቃ ኃይል አለው። ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ልጅ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ማስመለስ የለም፣ ይወጣ ይሆናል ብሎ መጠበቅም የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። አሮጌውን ባትሪ እንዳወጣችሁ በሁለቱም ፊት ፕላስተር ለጥፋችሁ የልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ አኑሩት፤ የሪሞቱን ሥራ ከዚያ በኋላ ቀጥሉ።

ገጠምኩት። ሠራ። ከበረንዳ ላይ ሆኜ እንደ ልጅ ከፍቼ ዘጋሁ፣ ከፍቼ ዘጋሁ። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ሞተ።

ተናደድኩ እንጂ አልደነገጥኩም፤ አሁን የት እንደምፈልግ አውቃለሁ። ምላሶቹ እንደቆሙ ናቸው፣ ባትሪውም ደህና ነው። ግን ባትሪውን ስጫነው ሳይሆን ቦርዱን በጣም በትንሹ ጠምዘዝ ሳደርገው ነበር የሚሠራው። የባትሪው መያዣ እግር ከቦርዱ ጋር የተበየደበትን ቦታ በካሜራ ሳጎላው፣ በእግሩ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ጥቁር ቀለበት ታየኝ። ብየዳው ተሰንጥቋል። ይህም የዚያ የፍንቀላ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የተጋደመችው ምላስ ስለሸፈነችው ነው ያልታየኝ። የእጄን መንቀጥቀጥ ስለማውቀው አልደፈርኩትም። ስልክ የሚጠግን ጓደኛዬ ባትሪው ወጥቶ ሳለ እግሩን ዳግም በየደልኝ፤ ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ባትሪው ላይ በቀጥታ ሽቦ ልበይድ የሚል ሰው ካለ ግን ይተው፤ የሊቲየም ባትሪ ሲጋል ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ሪሞት የተበላሸበት ሰው ሁሉ ወደኔ ይመጣ ጀመር። ሁለት ሦስቱን ልጨምር፣ ምልክታቸው ከኔ ስለሚለይ።

እህቴ በብረት ቁልፍ የሚነሳ፣ ተጣጣፊ ሪሞት ነው ያላት። ፕላስቲኩ ስለተሰበረ ባትሪውን ስትቀይር ቅርፊቱንም አብራ ቀየረች። በሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። ከኔ ጋር ተቃራኒ ነው፤ ባትሪ የሚፈልገው ይሠራል፣ የማይፈልገው ጠፍቷል። «አሮጌውን ቅርፊት ጣልሽው?» አልኳት። ደግነቱ ቆሻሻው ገና አልወጣም ነበር። በአሮጌው ፕላስቲክ ጥግ ለብቻዋ የተሸጎጠች፣ ከጥፍር ያነሰች ጥቁር ሽብልቅ ነገር አገኘን። ቺፑ እሷ ናት። በአንዳንድ ቁልፍ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ በአንዳንዱ ግን እንዲህ ብቻውን ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ይመስላል። ቁልፍ ሲከፈት ከታች ነጭ ጨርቅ ማንጠፍ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ 2032 ቢያጣ ሁለት 2016 ደርቦ አስገባ። ውፍረታቸው ሲደመር 3.2 ሚሊሜትር ስለሚሆን ልክክ ብለው ገብተዋል። ቮልቱም ግን ተደምሮ 6 ይሆናል፤ ለ3 ቮልት የተሠራ ቦርድ ይህን እንዲችል አይጠበቅም። የእሱ ሪሞት ከዚያ በኋላ በትክክለኛው ባትሪም አልነቃም።

ሌላዋ ጉዳይ ደግሞ ብልሽት እንኳ አልነበረችም። የቶዮታ ባለቤት የሆነች ዘመዳችን፣ ባትሪ ከቀየረች በኋላ በተኑን ስትጫን ይከፍታል፣ እጀታውን ስትነካ ግን አይሰማትም። በብዙ የቶዮታ ሪሞቶች የመቆለፊያውን በተን እንደያዙ መክፈቻውን ሁለቴ ሲጫኑ መብራቷ አራት ጊዜ ብልጭ ትልና ሪሞቱ ባትሪ ለመቆጠብ ጆሮውን ይዘጋል። ስትገጥመው በተኖቹን ስትነካካ በአጋጣሚ ያን ያደረገች ይመስለኛል። መመሪያው እንደሚለው አንዱን በተን ተጫነች፣ ተመለሰ።

የሪሞቷ መብራት ስለበራች ብቻ ሪሞቱ ይሠራል ማለትም አይደለም። መብራቷ ባትሪ መኖሩን ትናገራለች፤ ሞገድ መውጣቱን አትናገርም። የቁልፍ ባለሙያዎች ሪሞቱን አስቀምጠው ሲጫኑት ሞገድ ይወጣ አይወጣ፣ በስንት ሜጋኸርዝ እንደሚወጣም የሚያነብ መሣሪያ አላቸው። ማንም «ፕሮግራም ይደረግ» ከማለቱ በፊት መጀመሪያ እዚያ ላይ አስቀምጡልኝ በሉ። ሞገድ የማይልክ ሪሞት ፕሮግራም ሊደረግ አይችልም። ሞገዱ ከወጣ፣ ሁለተኛው ቁልፍም ከሠራ፣ የመመሪያው ማስተዋወቂያም ተሞክሮ እምቢ ካለ፣ ያን ጊዜ ፕሮግራም ቢሉ ተገቢ ነው። ያገለገለ ሪሞት ለሚገዛም ይህችው መሣሪያ ትጠቅማለች፤ የ315 ሪሞት ለ433 መኪና የቱንም ያህል ቢመሳሰል አይሆንም።

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ ሪሞት በተራው ማንገራገር ጀመረ። ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ከፈትኩት፣ ምንም ሳልነካ ባትሪው እንደተቀመጠ ፎቶ አነሳሁ። ካቻቢቴውን መሳቢያ ውስጥ ተውኩት። ባትሪውን በፕላስቲክ ጫፍ ከተሠራለት ክፍተት አነሳሁት፣ አሮጌው ላይ ወዲያው ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ አዲሱን ጠርጌ አስገባሁ። ከመግጠሜ በፊት በመስኮት በኩል ተጫንኩ፤ ፍሬቻው ሁለቴ ብልጭ አለ። ከዚያ ነው ፕላስቲኩን የዘጋሁት።